ያልተጣሉትን ማስታረቅ

በእኛ ቤት ካህን አንድ ነው። ያልኖረበት ሰው ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ያየዋል። አሶሳ ዳር ባለው ግቢያችን አራት የካቶሊክ ደናግል ነበርን። ግቢው ውስጥ የሕፃናት መዋያ፣ ትንሽ ክሊኒክና ጸሎት ቤት አለ፤ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የካህኑ መኖሪያ ነው። ጠዋት የሚቀድስልን እሱ፣ ቁርባን የሚያቀብለን እሱ፣ የምንናዘዘው ለእሱ፣ ምሳችንን የሚባርከው እሱ። ሌላ ካህን ከተፈለገ መኪና ለምኖ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ነው። ያኔ አባ ነበር የምለው። አሁን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ስላለኝ እዚህ ላይ እሱ እለዋለሁ።

እኔ የሃዲያ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ነርስነት ነው። ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል፤ የምንኩስናውን ልብስ ከመልበሴ በፊት ጀምሮ አለቆቼ ይህን ሲነግሩኝ ኖረዋል። አሶሳ ስመደብ እህቶቼ፣ የዚያ አገር ሙቀት አንቺን ያበርድሻል ብለው ስቀውብኛል። አላበረደኝም።

ልብስ አጣቢያችን የበርታ ብሔር ልጅ ነበረች። ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ ባሏን ፈትታ ከእናቷና ከትንሽ ልጇ ጋር የምትኖር ሙስሊም ሴት። የመንበሩን ጨርቅና የቅዳሴውን ልብስ አጥባና ተኩሳ ከጸሎት ቤቱ ጎን ወዳለችው ዕቃ ቤት የምታስገባው እሷ ነበረች። ቀልደኛ ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ "አንተ ሲስተር" ስትለኝ "አቤት ጌታዬ" እላታለሁ፤ እንስቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻማ ላመጣ ወደዚያች ዕቃ ቤት ስሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘሁት። ያ በር ቀን ቀን ተቆልፎ አያውቅም። አንኳኳሁ። ቆይቶ ተከፈተና ልብስ አጣቢዋ ሻሿን በእጇ ጨብጣ፣ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ወጣች። የሸሚዟ ትከሻ ተቀዷል። የተኮሰችው የቅዳሴ ልብስ ወለሉ ላይ ተረጋግጧል። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ኮሌታውን እያስተካከለ፣ ዕቃው ከእጇ ወድቆ ደንግጣ ነው አለኝ። እኔ ምንም አልጠየቅሁትም ነበር።

ልብስ ማጠቢያው ድረስ ተከተልኳት። በሩን ቆልፎ እንደያዛት፣ እንደታገለችው፣ እኔ ባላንኳኳ ኖሮ ማምለጥ እንደማትችል ነገረችኝ። ከዚያ በፊትም አንዴ ሞክሯት ዝም ብላ ነበር። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ከዚያ ግቢ እንዲወጣላት። ሥራው ያስፈልጋታል፤ እሱ ካለበት ግን ልትገባ አትችልም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ አይተሃል" አለችኝ።

"አይቻለሁ" አልኳት።

ለቤታችን አለቃ ያንኑ ቀን ነገርኳት። አለቀሰች፤ አዲስ አበባ ላሉት ለጠቅላይ አለቃችን ለማዘርም ወዲያው ደወለች። እውነቱን ለመናገር ማኅበራችን ለእንዲህ ያለ ነገር ደንብ አለው፤ ሥልጠናም ወስደናል። አቤቱታ ሲቀርብ ለበላይ ይነገራል፣ የተከሰሰው እስኪጣራ ከሥራው ይነሣል፣ ከከሳሿ ጎን የሚቆም ሰው ይመደባል። ያን ሥልጠና ስሰማ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ካህን እንደ ልብ የሚገኝበት ከተማ ነው የሚኖሩት። እሱ ከተነሣ ቅዳሴ የለም። ቅዳሴ ከሌለ እሑድ የሚመጡት ጥቂት ምእመናን ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ማዘር እስኪመጡ ድረስ ሁሉም በነበረበት ይቆይ ተባለ።

እኔም ጠዋት ጠዋት አፌን ከፍቼ ከዚያው እጅ ቁርባን ተቀበልኩ። አልነሣም ብዬ እንዳልቀር፣ አራት ሰው ባለበት ጸሎት ቤት ውስጥ ተቀምጦ መቅረት አደባባይ ወጥቶ ከመጮህ አይለይም። ኑዛዜው የባሰ ነበር። ልናዘዘው የሚገባኝ ኃጢአት ለአናዛዡ አባት ያለኝ ጥላቻ ነው፤ የሚሰማኝ ግን እሱው ራሱ ነው። ተንበርክኬ ለጸሎት መዘግየቴንና ወጥ ቤቷን መቆጣቴን ነገርኩት። በሰላም ሂጂ አለኝ። ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆምኩ።

ማዘር በአውሮፕላን መጡ። ሲቆጡ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሰው ናቸው፤ እስኪሰሙ ድረስ ወደ እሳቸው መጠጋት ግድ ነው። ሁላችንንም ተራ በተራ አነጋገሩን። ያየሁትን ስነግራቸው እያቋረጡ አልጠየቁኝም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ እዚህ አገር የምንኖረው እፍኝ የማንሞላ ሰዎች በጎረቤት ደግነት መሆኑን አስታወሱኝ። የካቶሊክ ካህንና ሙስሊም ሴት ተብሎ ወሬው ከወጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የሕፃናቱ መዋያ ነው፣ እሷንም ዘመዶቿ በሰላም አያኖሯትም አሉኝ። በጣም ያናደደኝ ከተናገሩት ውስጥ ውሸት ማጣቴ ነው። መፍትሔያቸው ዕርቅ ነበር።

እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን፤ ማዘር፣ እሱ፣ ልብስ አጣቢዋና ከጎኗ እንድሆን የተመደብኩት እኔ። ማዘር እንዳትሸማቀቅ ብለው መስቀሉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተውላት ነበር፤ ፋንታም ከፍተው ፊቷ አስቀምጠዋል። አሳቢ ሴት ናቸው፣ ይህን አልክድም። አጭር ጸሎት አድርሰው ወደ እሱ ዞሩ። እሱ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ "ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በዪኝ" አላት።

ማዘር ተነሥታ እጁን እንድትጨብጠው በዓይናቸው ነገሯት። አልተነሣችም።

"እኔ እሱ ጋር ጸብ የለኝም" አለች።

የማዘር ፊት ወዲያው በራ። እሰይ ልጄ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እሷ አልጨረሰችም ነበር።

"ጸብ ያለው ሰው ይታረቃል። እኔ አልተጣላሁም። እሱ በር ቆልፎ ያዘኝ። ይሄ ምኑ ይታረቃል?"

እሱ ወለሉን ያያል። ማዘር ድምፃቸውን በጣም ቀንሰው ወደ እኔ ዞሩና "ሲስተር፣ ቋንቋው ከብዷት ይሆናል፣ አስረጃት እንጂ" አሉኝ።

"በደንብ ገብቷታል፣ ማዘር" አልኳቸው።

ውሳኔው በማግሥቱ ተነገረን። ልብስ አጣቢዋ ነገሩ እስኪረጋጋ ቤቷ ትረፍ። እሱ ምትክ ካህን እስኪገኝ በቦታው ይቆይ። እኔ ደክሞኛልና ቅዳሜ ከማዘር ጋር ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። እሷ ከሥራ፣ እኔ ከከተማ፤ በሩን የቆለፈው ሰው ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ። መታዘዝ ቃል የገባሁበት ነገር ነው፤ ደግሞስ ብወጣ የት እገባለሁ? ከለበስኩት ቀሚስ ጀምሮ የራሴ የምለው የለኝም። እናትና አባቴ አልፈዋል፤ ወንድሞቼ የሚኮሩብኝ ሲስተር በመሆኔ ነው። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ዓርብ ጠዋት ልብስ አጣቢዋ በር ላይ መጣች። ዘበኛው እንዳያስገባት ታዝዟልና ከክሊኒኩ ጠርቶኝ እኔ ወጣሁ። ለእናቷ ሁሉንም ነግራለች፤ እናቷም ወላሂ ዝም አትዪ ብለዋታል። ወደ ፖሊስ ልትሄድ ነው።

"ብቻዬን ብሄድ አያምኑኝም፣ እሱ ቄስ ነው" አለችኝ። "አንተ ና።"

የሥራ ጋውኔን እንደለበስኩ፣ ለማንም ሳላስፈቅድ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አንዱን ወንበር የሳቡት ለእኔ ነበር። ላስታርቅ ወይም ልለምን የመጣሁ መስሏቸው ይሆናል። እሷን አስቀመጥኳት፣ እኔ ቆምኩ። እሷ የሆነውን ተናገረች፤ ስታቅማማ መርማሪው ታገሣት። እኔ ደግሞ ያየሁትን ተናገርኩ፤ የተቆለፈውን በር፣ የተቀደደውን ትከሻ፣ ወለል ላይ የተረጋገጠውን ልብስ። ስጨርስ መርማሪው ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ።

"ሲስተር፣ ለምስክርነት ስንፈልግዎት የት እናገኝዎታለን?"

ግቢውን እንዳልነግረው፣ ነገ እዚያ የለሁም። አዲስ አበባ እንዳልለው፣ እዚያ ድረስ የሚጠራኝ እንደሌለ፣ ቢጠሩኝም የሚለቀኝ እንደሌለ አውቃለሁ። መርማሪው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

ልብስ አጣቢዋ እኔን ሳታይ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

"እኛ ቤት ጻፍ። ከመስጊዱ ጀርባ። ሲስተር እኛ ጋር ነው የሚኖረው።"

መርማሪው አየኝ። "እንደዚያ ነው ሲስተር?"

"አዎ" አልኩት።

ጻፈው።