ሳይታመሙ የተጠየቁት እትዬ ይታይሽ

ጽጌሬዳ ነርስነት የተማረችው ኦምዱርማን ነው። ባሏን ተከትላ ሱዳን ወርዳ፣ እሱ ሲሞትባት እዚያው ሐኪም ቤት ገብታ፣ መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ ኋላም ተማሪ ሆና፣ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ወረቀቷን ይዛ ወረታ ተመለሰች። ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ይታይሽ አርጅተው፣ ብቻቸውን ነበሩ።

የወረታ ጤና ጣቢያ ነርስ ይፈልግ ነበር። ጎንደር ያሉት የጤና ሹሞች ግን፣ «የውጭ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ከመስቀል በኋላ መጥተሽ ተፈተኝ፤ ካለፍሽ ትመዘገቢያለሽ» አሏት። ካላለፈች እንጀራዋ ያለው ኦምዱርማን ነው። እትዬን ደግሞ ከፎገራ ሜዳ ማን ነቅሎ ይወስዳቸዋል?

የምትፈራው ጥያቄውን አልነበረም። ከፈተናው አንዱ፣ መነሳት የማይችል በሽተኛ እንደተኛ አንሶላውን ከሥሩ መለወጥ ነው። ብቻዋን ስትሆን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። ሰው ካያት ግን እጇ ይንቀጠቀጣል።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ ጠዋት፣ «እትዬ፣ እስቲ ይተኙልኝና ልለማመድብዎ» አለቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ደህናውን ሰው! ታሟርቺብኛለሽ እንዴ?»

«ለፈተናው ነው።»

«እንግዲያ በይ። ቶሎ ጨርሺ እንጂ፣ ፈትሌ ይጠብቀኛል።»

ጠፍር አልጋው ላይ አጋደመቻቸው፤ ሁለት ነጠላ አንሶላ ሆነ። ለደንቡም ግንባራቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። «በሽተኛ ነዎትና እንዳይናገሩ» አለቻቸው። ልክ ስታዞራቸው ጎረቤታቸው ካሳነሽ ፍም ልትለምን ብቅ አለች። «እትዬ ይታይሽ!» ብላ ተጣራች። እትዬ ቃላቸውን ጠብቀው ዝም። ካሳነሽ ፍሙን ትታ፣ ጭቃውን እያንቦራጨቀች ሮጠች።

ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ሞላ። ጎርፍ የተኛበትን ሜዳ ተሻግረው የመጡም ነበሩ። አያ ደጉ የሚባሉት ሽማግሌ ገበሬ በቅል እርጎ ይዘው፣ «እግዜር ይማርሽ፣ ይታይሽ» ብለው ከራስጌ ተቀመጡ። ጽጌሬዳ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ሌላ ጠያቂ «እግዜር ይማርዎ» እያለ ገባ። እትዬንም ይህ ሁሉ ሰው ጭቃ ረግጦ መጥቶ «ደህና ነኝ» ብለው መነሳቱ አሳፈራቸው። ነጠላውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«አንቺ ሱዳን የተማርሽ አይደለሽም? ምን ትገተሪያለሽ፣ አገላብጪያቸው እንጂ! ጎናቸው ይላጣል» አለች ካሳነሽ።

ምን ታድርግ፣ ቀረበች። እጇ ተንቀጠቀጠና የአንሶላው ጫፍ አመለጣት። እንደገና ያዘችው። እትዬን ወደ ጎን ስታዞራቸው ጣቷ ብብታቸውን ነካ፤ አልጋው እስኪንቋቋ በሳቅ ተንፈራፈሩ።

«ወየው! ጣር ያዛቸው!» ብላ ጮኸች ካሳነሽ።

«የምን ጣር ነው፣ ኮረኮረችኝ እንጂ!» ብለው እትዬ ተነስተው ተቀመጡ፤ ነገሩንም እያፈሩ ተናገሩ።

ጽጌሬዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አያ ደጉ ቅላቸውን አነሱና፣ «ታዲያ የኔ እርጎ የማን ነው?» ቢሉ ሁሉም በሳቅ አውካካ።

«ተማሪዋ ትጠጣው» አሉ እትዬ።

«ትጠጣው። ፈተናውን ከወደቀች ግን ትመልሳለች» አሉ አያ ደጉ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያስቀራቸው! እስከ መስቀል አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተጋደመ «እኔንም አዙሪኝ» ይላል፤ የቀረው ዙሪያውን ቆሞ ያበሽቃታል። እጇ መንቀጥቀጡን መቼ እንደተወ እሷም አላወቀችም።

ጎንደር የሰጧት በሽተኛ ወባ ያደቀቃቸው ሽማግሌ ነበሩ። እህታቸው ከራስጌ ቆመዋል። ፈታኙ እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ «ጠያቂ ይውጣ» አለ። ኦምዱርማንም ደንቡ እንዲያ ነው። ሽማግሌው ግን የእህታቸውን እጅ ጭብጥ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ እሳቸው ቢቆዩልኝ» አለች ጽጌሬዳ፤ ድምጿ እምብዛም አልተሰማም።

«ለምን?»

«በሽተኛው ይረጋጋሉ። እኔም... ሰው እያየኝ ነው የለመድኩት።»

ፈታኙ አየት አደረጋትና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ሴትዮዋ ቆዩ። አንሶላው ከሥር ወጣ፣ ሌላው ገባ፤ ሽማግሌው እህ እንኳ አላሉም።

በሳምንቱ ጽጌሬዳ ወረታ መገንጠያው ላይ ከጭነት መኪና ስትወርድ፣ አያ ደጉ ከብቶቻቸውን እየነዱ አገኟት።

«እርጎዬ መጣ ወይስ ቀረ?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«ቀረ፣ አያ ደጉ። አልመልስም።»