የጋሼ ድመት አውራ ጣት

ኮርኒስ ሠሪ ነው። ያን የሚያህል ሰውነት ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ሲራመድ ኮሽ ስለማይል ሰፈርተኛው «ጋሼ ድመት» ይለዋል። እሱም ስሙን ወዶታል፤ ከታች ሲጠሩት «ሚያው» ብሎ መልስ ይሰጣል። ጨዋታ አዋቂ ነው ብላችሁ! ጓንት ግን በዓይኑ ማየት አይወድም። በጓንት ምስማር መፈለግ ካልሲ አድርጎ እግር እንደ መታጠብ ነው ባይ ነው።

አንድ ቀን የመጋዘን አሮጌ ኮርኒስ ሲያፈርስ የሌሊት ወፎች ግር ብለው ወጡ። አንዷ ብቻ ወለሉ ላይ ወድቃ ትንፈራገጣለች። አሳዘነችው። በባዶ እጁ አፈፍ አድርጎ ኮፍያው ውስጥ ሊያስገባት ሲል አውራ ጣቱን ነከሰችው። ቁስሏ የመርፌ ጫፍ ብታህል ነው። ስንጥር ሲወጋው እንደሚያደርገው ጣቱን መጠጥ፣ እንትፍ አደረገና ወፊቱን በመስኮት ለቆ ሥራውን ቀጠለ።

ቤት ገብቶ ነገሩን ለሚስቱ እንደ ቀልድ አወራላት። እሷ የእብድ ውሻ በሽታ ከሌሊት ወፍም ይመጣል ሲባል ሰምታለችና ክሊኒክ እንሂድ አለችው።

«የቱ ውሻ ነው የነከሰኝ?» አላት። «ለዚች ጣቴን ለማታህል ወፍ መርፌ ብወጋ ጣሪያው ራሱ ይስቅብኛል።»

እሷም ሳቀች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ቁስሉ ድኖ፣ ወፏም ተረስታ፣ ከወራት በኋላ ያው አውራ ጣት ይነዝረው ጀመር። መዶሻ ከእጁ ያመልጠው ያዘ። ትኩሳቱ ተከተለ። ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆ ያነሳ ዕለት ጉሮሮው ጭምድድ አለና ብርጭቆውን ወረወረው።

ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሟ ሚስቱን ኮሪደር ላይ አውጥታ ሳታድበሰብስ ነገረቻት። የእብድ ውሻ በሽታው ቫይረስ ከጣቱ ተነስቶ በነርቭ በኩል አንጎሉ ደርሷል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ስቃዩን ማስታገስ ብቻ ነው። ውሃ ማየት እንኳ ጉሮሮውን ስለሚያኮማትረው ከዓይኑ ይራቅ አለቻት።

«በነከሰችው ዕለት ብንመጣ ኖሮስ?»

«በሳሙና ደህና አድርጎ ታጥቦ ክትባቱን ቢጀምር ይድን ነበር፣ እናቴ።»

ፊቷን ጠራርጋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ለአፍታ ሰከን ብሏል። ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቃት፤ «እረፍት ያስፈልገዋል ብላለች» አለችው። ለመሳቅ ሞከረ፣ አፉ ግን አልታዘዝ አለው።

«ጠማኝ» አላት።

«እሺ፣ ድመቴ» አለችና አልጋው አጠገብ የነበረውን ውሃ እንዳያየው በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ወጣች።