ቀይ ክር የታሰረባት ድስት

ታኅሣሥ 24፣ ከአዳማ ስንነሳ

ጅቡቲ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ እህቴ አስካለ እዚያ በአንድ የሶማሌ ቤተሰብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ፣ አምና ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ድንገት ታማ ሞተች። የተቀበረችውም እዚያው ነው። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ጥቁሯን አላወለቀችም። "ሄደሽ መቃብሯን እይልኝ። ያለቀሰላት ሰው እንደነበረም ጠይቂልኝ" አለችኝ። እኔ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ለቤት ሠራተኛ ማን ያለቅሳል?

እስከ ጅቡቲ ያሳፈሩኝ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው። አዋሽን እንዳለፍን ስለ አሠሪዎቿ የማስበውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

"ሰዎቹን ሳታዪ አትፍረጂ" አሉኝ።

"እርስዎ መንገዱን ይዩ!"

ሳቁ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!"

ሚሌ ላይ የጾም በየዓይነቱ በላን። ገላፊ ድንበር ላይ ከተሰለፉት መኪኖች ኋላ ግማሽ ቀን ቆምን። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ዲኪል ከተማ ሻይ ስንጠጣ አንድ ዘበኛ ሹራብ ለብሶ አየሁ። እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ለእነሱ ግን የብርድ ወራት ነው።

ታኅሣሥ 26፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር

ከተማው የደረስነው ጫቱ ከእኛ አገር በሚገባበት ሰዓት ነበር። ማዕከላዊ ገበያው አካባቢ ታክሲው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል። ፈረንጆች በሚበዙበት በፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር በኩል ስናልፍ ካለፈው የፈረንጆች ገና የተረፉ ባለቀለም አምፖሎች አጥር ላይ ተንጠልጥለው አየሁ። አስካለ በስልክ "እዚህ ገና ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ አንቺም ሁለቴ ነው የምትናፍቂኝ" ትለኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አሠሪዋ ማዳም ከድጃ ባላቸው የሞተባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። አማርኛውን ከእህቴ ነው የለመዱት። በር ላይ አቅፈውኝ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ። እኔ ግን ዓይኔ ወጥ ቤት ገብቶ ነበር። ድስቶቹ ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ አንዲት ትንሽ ድስት ብቻ ለብቻዋ ተቀምጣለች። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ክሩን አወቅሁት። ልጆች ሳለን አስካለ ዕቃዋን በቀይ ክር ነበር የምትለየው። ለገና ጨዋታ የጨርቅ ሩር የምትሰፋልኝም በዚያው ክር ነው።

"ዕቃዋን ለይታችሁ ነበር የምታበሏት?" አልኩ።

ማዳም ደነገጡ። "እኛ አይደለንም፣ ልጄ። እኛ ያረድነውን አትበላም። ስትጾም ደግሞ ቅቤ የነካው ዕቃ አትነካም። ክሩን ራሷ አሰረችው፣ ልጆቼ እንዳይሳሳቱ። ከሞተች ወዲህ በዚህች ድስት ማንም አልሠራም።"

አፈርኩ። በግቢው ውስጥ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነ በግ ታስሯል። የማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"የእናንተ ነው። ሙት ዓመቷ ነገ ነው፣ ግን ጾም ነው። ገና ድረስ ይጠብቃል። ልጄ ቢያርደው ደግሞ አትበሉትም። ሹፌሩ ክርስቲያን ነው አይደል?"

ታኅሣሥ 27

ጠዋት ወደ ክርስቲያኖች መቃብር ሄድን። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፍትሐት አደረሱ። ማዳም ከእግርጌዋ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው በራሳቸው ቋንቋ ይጸልያሉ። መቃብሩ ተጠርጓል፤ ስሟ በአማርኛ ተጽፏል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ነጠላዬን ሲገፍፈኝ ያለ ይሉኝታ አለቀስኩ።

የገና ዕለት

ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ የሰነበቱት ጋሽ ታደሰ በስመ አብ ብለው በጉን ባረኩት። በሰፈሩ ቤቶች የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ለጥቂት ሰዓት አስፈቅደው መጡ። ወጡን በአስካለ ድስት ሠራን፤ ስለማይበቃ ሦስቴ ደጋገምነው። ማዳም መካከላችን ተቀምጠው ቴምርና ዳቦ ብቻ በሉ። ክርስቲያን ያረደውን አይበሉማ! በጉን ገዝተው፣ ሁለት ሳምንት ቀልበው፣ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ከልጆቹ አንዷ ጆሮዬ ላይ "አምና እሷ ስትሞት ማዳም ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም" አለችኝ።

ስንሰነባበት "ድስቷን ውሰጂ" አሉኝ። ትቼላቸው መጣሁ።

አዳማ፣ ቤት

እናቴ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ "ያለቀሰላት ነበር?" አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት፤ ክሩን፣ በጉን፣ ቴምሩን።

"አንቺስ? እግዚአብሔር ያጽናዎት ብለሻቸዋል?"

አራት ቀን ቤታቸው ስበላና ስጽናና ከርሜ፣ አንድ ጊዜም አላልኳቸውም። ሐዘኑ የእኛ ብቻ ነው ብዬ ሄጄ፣ እንደዚያው ብዬ ተመልሻለሁ።

"በይ ደውዪልኝ" አለች። ነጠላዋን ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አጣፋች፤ ከመቀመጫዋም ተነሳች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "እህቴ፣ የአስካለ እናት ነኝ" አለች። "እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሳልደርስሽ ዓመት ሞላ።"

በወዲያኛው በኩል ማዳም ከድጃ ሲያለቅሱ ሰማን፤ እናቴም ቆማ አብራቸው አለቀሰች።