የእሜቴና የልዕልት ጉዝጓዝ

ባለፈው ሰሞን ለአንዲት ፊርማ ብዬ አንድ አሮጌ መሥሪያ ቤት ስገባ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በናፍጣ የራሰ ሰጋቱራ በጣውላው ወለል ላይ በትና ስትጠርግ ደረስኩ። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሳይደርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሐዘን ያለብኝ መስሏቸው ወንበር ለቀቁልኝ። እኔ ግን የታወሱኝ ሁለት ነጫጭ አይጦች፣ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበርና ሰው መናቅ ምን እንደሆነ ያስተማረችኝ አክስቴ ነበሩ።

ያደግሁት ላፍቶ ነው። ከጀሞ እስከ ጋርመንት ኮንዶሚኒየም ሳይደረደር በፊት ከጓሯችን አጥር ባሻገር የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ አዝመራ ሲሰበሰብም የፉሪ ገበሬዎች ጭድ በአህያ ጭነው በደጃችን ያልፉ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ ሙሉነሽ ናት። አክስቴ ሙሉነሽ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋወኗ ላይ አንዲት እጥፋት የማትታይባት፣ ባል ያላገባችውም የሚመጥናት ጠፍቶ እንደሆነ በአደባባይ ከመናገር የማታፍር ሴት። ሰው ስትንቅ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም ነበር፤ የግራ ቅንድቧን ብቻ በትንሹ ታነሳለች። ያ ቅንድብ የተነሳበት ሰው ምን እንደነካው የሚገባው ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ነበር።

አንድ ቀን ክዳኑ የተበሳሳ ካርቶን ይዛ ከሥራ ተመለሰች። በውስጡ ዓይናቸው እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ ሁለት ነጭ አይጦች ተቃቅፈው ተኝተዋል። በላቦራቶሪው ለዘር የቆዩ፣ ሲያረጁ ሊወገዱ የነበሩ ናቸው። «ሲወልዱ ኖረዋል፤ ጡረታ ይገባቸዋል» አለችኝና አንደኛዋን እሜቴ፣ ሁለተኛዋን ልዕልት ብላ ሰየመቻቸው፤ ያውም ንጉሡ ወርደው፣ አገሩ ሁሉ ጓድ ለጓድ በሚባባልበት ዘመን።

የፍራፍሬ ሳጥን ፊቱን በወንፊት ሽቦ ሸፈነችላቸው። ከዚያ በኋላ ሕይወታችን የጉዝጓዝ ጉዳይ ሆነ። አናጺው ጎረቤታችን ጥሩ መዓዛ ያለው የጥድ ሰጋቱራ በነጻ ሊሰጠን ቢለምነንም አክስቴ እሺ አላለችም፤ ለሰው አፍንጫ ደስ የሚለው መዓዛ የአይጥን ሳንባ ያቆስላል፣ ብናኙም ያስነጥሳቸዋል አለች። የጋዜጣ ወረቀት ቀለሙ ይለቃል ብላ ከለከለች፤ እዚህ ላይ ቅንድቧን አንስታ «የተጻፈበትም ነገር ጤና አይሰጥም» ብላ ጨመረችበት። በመጨረሻ የተስማማችበት የጤፍ ጭድ ነበር። ጭዱን ከገበሬዎቹ እየገዛን በጆንያ ላይ በፀሐይ እናሰጣዋለን፣ ሻጋታ ያለበትን እያሸተትን እንጥላለን፣ አቧራውን በወንፊት እናራግፋለን። ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጨርቅም እንጨምርላቸው ነበር፤ ረጅም ክር ግን እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ደማቸውን ስለሚያግድ ጨርቁን አድቅቆ መቁረጥ የእኔ ሥራ ሆነ። የረጠበውን ጥግ በየማለዳው አነሳለሁ። እሁድ እሁድ ሳጥኑን በሙቅ ውኃና በአቼቶ አጥበን እናደርቀዋለን፤ ቤታቸው እንዳይጠፋባቸውም ከአሮጌው ንጹሕ ጭድ አንዲት እፍኝ እንመልስላቸዋለን። ልዕልት አዲሱን ጭድ በአፏ እየጎተተች ጎጆ ስትሠራ፣ እሜቴ ደግሞ እንደ ስሟ ቁጭ ብላ የሥራውን ጥራት ስትቆጣጠር ማየት ለእኔ ከማንኛውም ጨዋታ ይበልጥብኝ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ተጸየፈን። ዓመት ሙሉ ያልተናፈሰ የሣር ፍራሽ ላይ ከቁንጫና ከትኋን ጋር የሚያድሩ ሰዎች፣ ጉዝጓዛቸው በየሳምንቱ የሚቀየርላቸውን ሁለት አይጦች ተጸይፈው አፍንጫቸውን ይዘው በበራችን ያልፉ ጀመር። ወሬውም ዞሮ ዞሮ ጓድ ጥላዬ ዘንድ ደረሰ።

ጓድ ጥላዬ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበር። ከአብዮቱ በፊት የቅቤ ደላላ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላም ደላላነቱን አልተወም፣ የሚያሻሽጠው ነገር ብቻ ተቀየረ። ካኪ ልብሱ ሆዱ ላይ ይጠብበታል፣ ኪሱ ላይ ክዳን እንጂ ቀለም የሌለው ብዕር ይሰካል፣ የማያውቀውን ቃል ሲናገርም ድምፁን ያወፍራል። በዚያ ሰሞን የጽዳት ዘመቻ አውጆ ስለነበር፣ የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ድመት የሚያክሉ አይጦች በቀን እየተንጎራደዱ፣ እሱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ወደ እኛ ቤት መጣ።

ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ስማቸው ማን ይባላል?» አለ።

እኔ ቀድሜ «እሜቴና ልዕልት» አልኩ።

«ልዕልት የሚባል ነገር በዚህ ቀበሌ ቀርቷል!» አለና ሳጥኑን አንሱ ብሎ አዘዘ።

አክስቴ አልተከራከረችም። ጠብመንጃ ከያዘ ሰው ጋር ስለ አይጥ መጨቃጨቅ ምን እንደሚያስከትል በዚያ ዘመን ሁሉም ያውቃል። ቅንድቧ ግን ተነሳ፤ ጓድ ጥላዬም አየው መሰለኝ ሲወጣ የበሩ ደፍ አደናቀፈው።

ገድሏቸው ይሆናል ብዬ ስንሰቀሰቅ ሰነበትኩ። ኋላ ግን ልጁ ሰናይት፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ «አባዬ ነጭ አይጦች አመጣልኝ» ብላ ነገረችኝ። ለሕዝብ ጤና ሲባል የተወረሱት አይጦች የሊቀ መንበሩ ልጅ መጫወቻ ሆነው ነበር። ይህን ስነግራት አክስቴ የምትናደድ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ነጠላዋን ለብሳ፣ የተነፋ ጭድ በጆንያ ይዛ፣ እኔን አስከትላ እቤቱ ሄደች። በሕይወቷ የማንንም ባለሥልጣን ደጅ ስትጠና ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የተወረሰውን አልጠይቅም» አለችው በሩ ላይ። «የሚተኙበት ነገር ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ ጭድ ይሁን። ሽታ ያለው ነገር ይገድላቸዋል።»

«የቀበሌ ሊቀ መንበር ስለ አይጥ ጉዝጓዝ ከማንም ትምህርት አይቀበልም» ብሎ በሩን ዘጋው። ጭዱን ተሸክመን ተመለስን።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ሞቱ። ጓድ ጥላዬም ሞታቸውን እንደ ዋዛ አላየውም፤ ነዋሪው ሁሉ በግድ በሚቀመጥበት የውይይት ክበብ ላይ ቆሞ፣ አክስቴ በሽታ ያለባቸውን አይጦች ሆን ብላ ወደ ቤቱ አስገብታለች፣ ይህም በአብዮታዊ አመራር ላይ የተፈጸመ አሻጥር ነው ብሎ ተናገረ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰውን ከቤቱ አውጥቶ የማይመለስበት ሊወስደው ይችል ነበር። ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ ሳይተያዩ ከአክስቴ ወንበር ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ፤ ትናንት ኪኒን የለመኗት፣ የልጃቸውን ሰገራ በነጻ ያስመረመሩ ሁሉ። አንዱ እንዲያውም «እኔም ድሮውንም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ አጨበጨበ። እኔ የአክስቴን እጅ ያዝኩ።

በዚህ ጊዜ ከሴቶች ማኅበር መቀመጫ አንዲት ሴት ተነሳች። ወይዘሮ አሰለፈች ናት፤ የጓድ ጥላዬ ሚስት፣ በስብሰባ ላይ አፏን ስትከፍት ማንም ሰምቷት የማያውቅ።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለች፣ ባሏን እንደማታውቀው ሰው። «ወለል የሚጠረግበትን ናፍጣ የነካ ሰጋቱራ ከቢሮህ ተሸክመህ አምጥተህ የጎዘጎዝክላቸው አንተ ነህ። ቤቱ በሙሉ ሸተተ፤ ልጄም ዓይኗን ስታሽ ሰነበተች። ሴትዮዋ ንጹሕ ጭድ ይዛ ስትመጣ በር ዘጋህባት። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳል የመሰለ ሳቅ አፈነ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ያ ሁሉ ፈሪ፣ መሳቅ እንደማያሳስር ሲያውቅ ደፋር ሆነ። ጓድ ጥላዬ «ሥርዓት!» እያለ ቢጮህ የሚሰማው አጣ፤ የአሻጥሩ ነገርም ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሳም። የእሱ በቀል ሌላ ነበር፦ ከቀበሌው ሱቅ ለወራት ስኳር እንዳይሰጠን አደረገ። ወንድ ልጅ ተዋርዶ ሲበቀል እስከ ስኳር ድርሻ እንደሚወርድ ያኔ አየሁ። ወይዘሮ አሰለፈች ሰናይትን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች፤ ዳግመኛም አልተመለሱም። አክስቴ ሌላ እንስሳ ወደ ቤት አላመጣችም።

መንግሥት ሲለወጥ እኔ ትልቅ ሴት፣ አክስቴም ጡረተኛ ሆነን ነበር። አንድ ከሰዓት ጓድ ጥላዬ፣ አሁን ያለ ጓድ፣ ሰውነቱ ሟሙቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። የቀድሞ ሊቃነ መናብርት እየተያዙ፣ የሰፈራቸው ሰውም የሠሩትን እንዲናገር እየተጠራ ነበር።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ሰው እንዳላስገደልኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ካንቺ በቀር ደፍሮ የሚናገርልኝ የለም» አላት።

እኔ በሩን በፊቱ ልዘጋበት ተነስቼ ነበር። አክስቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝና «ሰናይት ደህና ናት?» ብላ ጠየቀችው። አንገቱን ደፋ። የት እንዳለች እንኳ አያውቅም።

የሰፈሩ ሰው ለምስክርነት በተጠራበት ቀን የተተኮሰች ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ትናንት አጨብጫቢ የነበሩት ጎረቤቶቻችን እየተነሱ ያላደረገውን ሁሉ አደረገ ሲሉ ቆይተው ተራው የእሷ ሆነ። «አላዋቂ ነበር፣ ፈሪ ነበር፣ ሌባም ነበር» አለች፣ እሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ እየሰማ። «ነፍሰ ገዳይ ግን አልነበረም። በዚህ ሰፈር በእሱ እጅ ወይም በእሱ ጥቆማ የሞተ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ ስሙን ይጥራ።» ስም የጠራ አልነበረም። ሰውየው ተለቀቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተቆጣኋት። «ስኳራችንን የከለከለንን ሰው?» አልኳት።

«ስለናቅሁት እኮ ነው» አለችኝ። «የምትንቂውን ሰው በሐሰት ከከሰስሽው እኩያው ሆንሽ።»

አክስቴ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ማሳው ሕንፃ ሆኗል፣ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ መንገድ ያልፋል፤ ለእነሱ ብዙም አላዝንም። ንቀት ግን ዛሬ እንደ አሸን ፈልቷል፤ በታክሲው፣ በስልኩ፣ በየስብሰባው ሰው ሰውን እየናቀ ይውላል፣ እኔም ከማንም አላንስም። ቅንድቤንም በደንብ አነሳለሁ። የናቀውን ሰው እውነት ግን በአደባባይ ቆሞ የሚናገርለት፣ ከአክስቴ ከሙሉነሽ በኋላ፣ አንድም አላየሁም።