ነፋስ የማያገኛት ጎጆ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ የጋይንት ልጅ ወይ ታገባለች ወይ ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ እኔ አንዱንም ሳልይዝ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ወዲህ «አንቺን ግን አልሰድሽም» ይሉኝ ነበር። ምን ሠርቼ እንደምቀር ግን እሳቸውም አያውቁት።

አንድ ቀን ከከተማ አንድ አስጎብኚ መጣና ሰዉን ሰበሰበ። ፈረንጆች ተራራ መርጠው ሳምንት ሙሉ በእግራቸው እንደሚሄዱ፣ ሲመሽም የሚያርፉበት ጎጆ እንደሚፈልጉ ነገረን። እኛም፣ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችንም አንዳንድ ጎጆ እንሠራለን፤ እንግዶቹ አይተው አንዱን ይመርጣሉ። የተመረጠው ጎጆ ምግብ የምትሠራ ሴት ትቀጠርበታለች። ይህን ሲሰሙ አጎቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ ሰዎቹ በአገራቸው የሚያደርጉትን አሳየን። ተራራው ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ሰዎች እግራቸው ላይ ሳንቃ አስረው ቁልቁል ይንሸራተታሉ።

«ምን አባርሯቸው ነው?» አሉ የአጎቴ ሚስት።

«ምንም አላባረራቸው እማማ። ለመዝናናት ነው። የትኛው ተራራ ላይ በረዶው ይበዛል ብለው ተማክረው፣ መርጠው፣ ከፍለው ነው የሚሄዱት።»

«በረዶ ፍለጋ? ምናለ ታዲያ ዓምና ገብሳችን ላይ የወረደውን መጥተው በወሰዱልን!»

ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ብቻ አልሳቁም። «ይህን ሁሉ ብርድ የሚያይ ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ እንኳ ይሙቀው» አሉ።

ለጎጆው የሰጡት ከመሬታቸው ሁሉ ደህናውን ነው፤ ጉብታው ሥር ያለችውን፣ ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ የማያገኛትን የገብስ ማሳ። ሰዉ በደቦ ሠራው። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ እንደገና ተመረገ፤ ብርድ እንዳይገባ መስኮት አልተተወለትም። እኔ ወለሉን በእበት ለቀለቅሁ፤ ከተማም ወርጄ ከአንዲት ሴት የፈረንጅ ቂጣ በእንቁላልና በወተት ማቡካት ተማርኩ።

የማዶዎቹ ግን የሠሩት ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ፀሐይ በሚሞቅበት ቦታ ነው። ያውም ወደ ገደሉ ሰፊ መስኮት አውጥተው። የእኛ ሰዎች መሳቂያ አደረጓቸው።

«እንግዳቸውን ለነፋስ ሊያሰጡት ነው እንዴ?»

«የለም፣ ሲነጋ ከገደሉ ሥር ሊለቅሙት ነው!»

የእኔ ሳቅ ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ሥራው የእኔ ሆኖ ታይቶኝ ነበርና።

ክረምቱ እንደወጣ እንግዶቹ መጡ፤ ባልና ሚስት ናቸው። ቂጣውን አጣጥመው በሉ፤ ሴትዮዋማ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ ሰውዬው ጎጆው ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ ጉብታውን ቀና ብሎ አየና አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠየቀው።

«ምን ይላል?» አሉ አጎቴ።

«ገደሉ በየት በኩል ይታያል ነው የሚለው።»

«ገደሉን ምን ያደርግለታል? እዚህ ነፋስ አያገኘውም በለው። ብርድ ልብስም አያሻው።»

አስጎብኚው አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ የመጡት ገደሉን ሊያዩ ነው። ጠዋት ከአልጋቸው ሳይነሡ ሊያዩት።»

«እንግዳ አፋፍ ላይ ይተኛል?» አሉ አጎቴ። መጠየቃቸው ነበር እንጂ መከራከራቸው አልነበረም።

እንግዶቹ ማዶ ተሻግረው አደሩ፤ የተመረጠውም የማዶው ሆነ። «እኛም አፋፍ ላይ እንሥራ» ያለ አልጠፋም፤ ግን እንጨቱም አልቋል፣ የሰዉም ልብ ደክሟል። ማሳው ያለ ዘር ከርሞ ነበርና በዚያ ዓመት ገብስ ከአርብ ገበያ ነው የሸመትነው። የማዶዎቹም ብዙ አልተጠቀሙ። ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ፈረንጅ ቀረ። አሁን ከስደት ተመልሼ ሳየው የጎጇቸው ሣር ረግፎ እንጨቱ ብቻ ቆሟል።

እኔ ግን እንግዶቹ ማዶ ባደሩበት ዓመት ፓስፖርት አወጣሁ። አጎቴ «ይቅርብሽ» አላሉኝም፤ ቀርቼ ምን እንድሆን ይበሉ? አውቶቡስ በምሳፈርበት ጠዋት ቀድመው ወጥተው ስለነበር አልተሰናበትንም፤ የሸኙኝ ሚስታቸው ናቸው። ሰው ፊት ማልቀስ ጠልተው ነው ብዬ ነበር።

የት እንደነበሩ የሰማሁት ዓረብ አገር ሆኜ ስደውል ነው። የአጎቴ ሚስት ነገሩኝ። ያን ዕለት አጎቴ ዶማ ይዘው ወደ ጎጆው ሄደዋል። በገደሉ በኩል ያለውን ግድግዳ ሰብረው መስኮት አወጡለት። በመስኮቱ ቢያዩ ጉብታው ብቻ ነው የሚታየው። ዶማውን ጥግ አስደግፈው በጎቹን አስገቡበት።