ሦስተኛው ረድፍ

አጎቴ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ማታ ማታ ጣና ዳር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ቆሎ ሲቀርብልን፣ ትሪው ላይ ሳይደረድሩ አይቀምሱም፤ አንድ ሽምብራ፣ አንድ ባቄላ፣ እያፈራረቁ እስከ ጫፍ።

«ድርብ ፔሮቭስካይት የሚባለው ቁስ እንዲህ ነው» ይሉኛል። «ሁለት ዓይነት የብረት አተሞች ተራ ጠብቀው ተቀምጠዋል። ጥቂቶቹ ቦታ ከተለዋወጡ ማግኔትነቱ ይደክማል።»

እኔ ሆዳሙ ከትምህርቱ የያዝሁት ሽምብራው እንደሚጣፍጥ ብቻ ነው። ጢም ያበቀልሁ ሰው ሆኜ፣ ዞር ሲሉ አንዱን እበላና በቦታው ባቄላ እተካለሁ። ሁልጊዜ ያውቁብኛል።

«አንተ ጉድ፣ ማግኔቴን አደከምኸው» ይሉና ሽምብራውን ይመልሱበታል።

ታመው አልጋ ሲይዙ መናገር ተዉ። ድምፃቸውን እንድሰማ ብዬ ትሪውን አጠገባቸው ደረደርሁና አንዱን ሽምብራ በባቄላ ቀየርሁ። ብዙ ቆይተው፣ «ሦስተኛው ረድፍ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።

ዛሬ እኔም ሸምግያለሁ፤ ሽምብራ የሚሰብር ጥርስ እንኳ የለኝም። ያረፉበት ቀን በመጣ ቁጥር ግን ትሪውን እደረድርና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባቄላ እተካለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ ሐይቁን እያየሁ እጠብቃለሁ። የሚያውቅብኝ የለም።