ምን ትወስዳለች? ለምዝገባ ወደ ማርቆስ

ከመንደራችን ከሮብ ገበያ የወጣነው ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ ነው። ጉዳያችን እኔን ማርቆስ ኮሌጅ ማስመዝገብና ትምህርት እስኪጀመር ዕቃዬን ኮሌጁ ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ነበር። አባቴን አረም ስለያዛቸው የሸኙኝ የእናቴ ወንድም አያ ሙላት ናቸው። በቅሎዋ ባንድ ጎን የእንጨት ሳጥኔን፣ በሌላው እናቴ በርበሬና ሽሮ የሞላችውን ስልቻ ተጭናለች። እኔ የተሸከምኩት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ እሱም ሒሳብ ነው። የሒሳብ አስተማሪ መሆን እፈልጋለሁ።

መንገዱ ማጥ በማጥ ነው። አያ ሙላት የዝናብ ገሳቸውን ደርበው፣ ግብጦ እየቆረጠሙ፣ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ለእኔ የሚቀርበውንም ጥያቄ እሳቸው ይመልሱልኛል።

«ልጅቱ ባል የላትም?» አለ አንድ ገበሬ።

«መጽሐፍ አግብታለች!» አሉት።

ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩት። በእኛ አገር ታላቅ ባለበት ልጃገረድ አፏን አትከፍትም።

ማርቆስ፣ ከሰዓት በኋላ

ቢቸና አክስቴ ዘንድ ስለተማርኩ ማርቆስን በቅጡ አላውቃትም። የጭነት መኪናው፣ የቆርቆሮው ቤት፣ ሁሉም ዓይኔን ይጎትተዋል። ኮሌጁ ያለ ጓጉንቸር ሳጥን አይቀበልም ስለተባልን አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሽማግሌ ሐጂ ብር ከስሙኒ ጠሩ፤ ለተማሪ መሆኑን ሲሰሙ «ለትምህርት ከሆነማ አላህ ይርዳሽ፤ ስሙኒው ይቅር» አሉኝ።

ምዝገባው በአንዲት መስኮት ነው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር አንዲት ሴት ጣቶቿን ሳታይ በጽሕፈት መኪና ትጽፋለች። ጉድ ነው! እሷን ሳይ መዝጋቢው ለአጎቴ ያቀረበውን ጥያቄ ልብ አላልኩትም።

«ምን ትወስዳለች?»

አያ ሙላት ስልቻውን መታ መታ አድርገው «ባልትና ነዋ! ሌላ ምን ትወስዳለች?» አሉ ኮራ ብለው። ሰውየው ጽፎ ካርድ ሰጠን።

ዕቃ ቤት ስንደርስ ጠባቂው ካርዴን አይቶ ሳጥኔን በግራ በኩል አኖረው። «የባልትና ተማሪዎች በዚህ፣ የሒሳብ በዚያ። ስልቻው አይገባም፤ አይጥ ይጠራብናል።»

ለካ የተጠየቅነው የትምህርቱን ዓይነት ኖሯል! በኮሌጅ ቋንቋ ባልትና ማለት የምግብ፣ የስፌትና የቤት አያያዝ ትምህርት ነው።

«አያ ሙላት፣ ባልትና ብለው አስጻፉኝ እኮ!»

«ታዲያ ስልቻው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ሳስረዳቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደሞስ ባልትና ለሴት ምን አነሰው? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

ወይ ጣጣ! አጎቴን ማሳፈር ሞት፣ ዕድሜ ልኬን ስለ ወጥ ማስተማርም ሞት። መስኮቱ ሊዘጋ ነው። ነጠላዬን ከአፌ አውርጄ ሮጥኩ።

«አጎትሽ ናቸው እኮ የነገሩኝ» አለ መዝጋቢው።

«እሳቸው የነገሩዎት የስልቻውን ነው። የምማረውን እኔ ልንገርዎ፤ ሒሳብ ነው!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። መዝጋቢው ግን አልሳቀም። «በሒሳብ እስካሁን አንዲትም ሴት አልተመዘገበችም። ከወደቅሽ ወደ ባልትና መመለስ የለም።»

«ግድ የለም፤ ይጻፉልኝ።»

ጻፈልኝ። ካርዱን ይዤ ዕቃ ቤት ተመለስኩና ሳጥኔን ወደ ቀኝ አዛወርኩ።

መልስ

ስልቻውን ያደርንበት ዘመድ ቤት ትተን በማግስቱ ተመለስን። አያ ሙላት ኩርፍ እንዳሉ ነው፤ ለመንገደኛው ሰላምታ እንኳ ቆጠቡ። ዳገቱ ላይ «ይቅር ይበሉኝ» ብላቸው በቅሎዋን ብቻ «ነይ!» አሏት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ባለጉዳዩ ዝም ካለ ሌላው የመሰለውን እንደሚናገርለት ነው። ትምህርቱን የገዛሁት ግን በምወዳቸው ሰው ኩርፊያ ነው።

ቤት ስንደርስ አባቴ ገና እኔን ሳይስሙ፣ «ሙላት፣ ልጅቱ ምን ልትማር ነው?» አሉ።

አያ ሙላት ገሳቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አፍ አላት፤ እሷን ጠይቃት።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ራሴ ጉዳይ እኔኑ ሲጠይቁኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሒሳብ ነው፣ አባዬ» አልኩ።